ሳይማር ያስተማረው ሕዝብና የስድስት ኪሎው ግቢ

አንባቢ ሆይ፤ ከአራት ኪሎ ተነሥተህ የእንጦጦን ተራራ ፊት ለፊት እያየህ ወደ ላይ ብትወጣ፥ አምስት ኪሎን አልፈህ ስድስት ኪሎ ትደርሳለህ። በአደባባዩ መካከል የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ቆሟል፤ ከሐውልቱ ባሻገር ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በር ይታያል። ምናልባት በዚህ በር በየቀኑ የምትገባና የምትወጣ ተማሪ ትሆናለህ፤ ምናልባትም ከመሥሪያ ቤት ወጥተህ በታክሲ ስታልፍ ከሩቅ ብቻ የምታየው ትሆናለህ። ዛሬ ግን ጥቂት ጊዜ ካለህ አብረን እንግባ።

ከበሩ ወደ ውስጥ ስትዘልቅ ራስ መኮንን አዳራሽ የሚባለውን ትልቅ ሕንፃ ታገኛለህ። ከሕንፃው ፊት ለፊት አንድ እንግዳ ነገር አለ። በሲሚንቶ የተሠራ ጠመዝማዛ ደረጃ ነው፤ ነገር ግን ወደ አንድም ክፍል፥ ወደ አንድም ፎቅ አያደርስም። ሽቅብ ይወጣና አየር ላይ ያልቃል። ይህን ያቆሙት የፋሺስት ኢጣሊያ ሹማምንት ናቸው። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ በ1922 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ያለፉትን ዓመታት አንድ በአንድ እንዲቈጥር ታስቦ ነበር። ጠላት ሲባረር ደረጃውን ማንም አላፈረሰውም፤ በአናቱ ላይ አንድ አንበሳ ተቀመጠበትና ቈጠራው በዚያው ቆመ።

ከዚህ ደረጃ አጠገብ ቆመህ አንድ ጥያቄ ራስህን ጠይቅ፤ «ይህ ቤት የማን ነው?» የዩኒቨርሲቲው ታሪክ የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እስቲ ከመጀመሪያው እንነሣ።

ሰው የጠፋበት ዘመን

አሁን ዩኒቨርሲቲ የሆነው ግቢ በመጀመሪያ ገነተ ልዑል የሚባል ቤተ መንግሥት ነበር። ያሠሩትም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1920ዎቹ ዓመታት ነው። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባን ሲይዝ የኢጣሊያ እንደራሴ መቀመጫ ሆነ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ማርሻል ግራዚያኒ በዚሁ ግቢ ለድሆች ምጽዋት በሚያሰጥበት ሰዓት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያ በኋላ በከተማው ሕዝብ ላይ ለሦስት ቀን የወረደውን መዓት ሐውልቱ ይነግርሃል።

ከዚህ ጋራ የሚሄድ ሌላ ነገር አለ፤ ለዛሬው ጉዳያችንም እርሱ ይበልጣል። ከየካቲት 12 በኋላ ጠላት በተለይ አሳድዶ የገደለው የተማረውን ወጣት ነበር። ከጦርነቱ በፊት ወደ ፈረንሳይ፥ ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ ተልከው የተማሩት ልጆች ከመጀመሪያውም ጥቂቶች ነበሩ፤ ከእነዚያም ብዙዎቹ አለቁ። ስለዚህ አገሪቱ በ1933 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ሚኒስቴር አቋቁማ የሚጽፍበት፥ ፍርድ ቤት ከፍታ የሚፈርድበት፥ ሆስፒታል ሠርታ የሚያክምበት ሰው አጣች። ሕንፃ ቢፈርስ በአንድ ዓመት ይሠራል፤ የተማረ ሰው ግን ሃያ ዓመት ይፈጃል።

በዚህ ችግር መካከል ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። የኮተቤው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም.፥ የጄኔራል ዊንጌት ደግሞ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር የሚባል ታወጀ። ይህ ግብር የሚከፈለው ከመሬት ላይ ነበር፤ የሚውለውም በየጠቅላይ ግዛቱ ላሉት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነው። አንባቢ ሆይ፤ ይህን ነገር ልብ በል። ፊደል ያልቈጠረው ገበሬ ከጤፉና ከማሽላው ላይ ቀንሶ የማያውቀውን ልጅ ማስተማር የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ኋላ «ሳይማር ያስተማረኝ ሕዝብ» የሚለው አነጋገር በምሩቃን አፍ ሲዘወተር እንዲያው ለማሳመር የተባለ ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን ደረሰኝ ያለው እውነት ነው።

ሠላሳ ሦስት ተማሪዎች

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በአራት ኪሎ ተከፈተ። መሥርተው የመሩት ዶክተር ሉሲየን ማት የሚባሉ ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ናቸው፤ ከዚያ በፊት የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ኃላፊ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው ራሱ በሚሰጠው ቁጥር ሲጀመር የተማሪዎቹ ብዛት 33 ነበር። ዛሬ አንድ የመማሪያ ክፍል የማይሞላ ቁጥር ነው! ለዚያ ዘመን ግን ሠላሳ ሦስቱ የአንድ አገር ተስፋ ነበሩ። መኝታቸውንና ምግባቸውን የሚችለው መንግሥት ነበር፤ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር።

ኮሌጁ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ጋራ ግንኙነት መሥርቶ ነበር። በሐምሌ ወር 1946 ዓ.ም. የራሱን ቻርተር አገኘ። ቻርተር ማለት በአጭሩ ራሱን ችሎ የሚቆምበትና ዲግሪ የሚሰጥበት ሕግ ነው። በዚያው ዘመን ሌሎችም ኮሌጆች ተቋቋሙ፤ የምሕንድስና ኮሌጅ በአዲስ አበባ፥ በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የሕንፃ ኮሌጅ በልደታ፥ የእርሻ ኮሌጅ በዓለማያ፥ የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ በጎንደር። እያንዳንዱ ለብቻው የሚተዳደር ነበር፤ አንድ ያደረጋቸው የኋላ ኋላ ዩኒቨርሲቲው ነው።

የማታው ትምህርት ነገር እዚህ ላይ ሊረሳ አይገባውም፤ ከአንባቢዎቼ ብዙዎቹ የሚያውቁት ነውና። ቀን በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲገለብጥና መዝገብ ሲያገላብጥ የዋለ ጸሐፊ ወደ ማታ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ወደ ኮሌጅ ይሄድ ነበር። ለመማር ደመወዙን አልተወም፤ ለደመወዙም ሲል ትምህርቱን አልተወም። የአገሪቱን የመንግሥት ሥራ ተሸክመው ከቆዩት ሰዎች ስንቱ በዚህ በማታ በር የገባ እንደ ሆነ ቀኑን ብቻ የተማረ ሰው በቀላሉ አይገምተውም።

ቤተ መንግሥቱ ሲሰጥ

ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም.፥ ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጕብኝት ላይ ሳሉ፥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ መንግሥት ለመገልበጥ ተነሡ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በአደባባይ ወጥተው እንቅስቃሴውን ደገፉ። ተማሪ በመንግሥት ለውጥ ጉዳይ እንዲህ በግልጥ ሲገባ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሙከራው ግን በጥቂት ቀን ከሸፈ፤ ሲከሽፍም ከተያዙት ሚኒስትሮችና መሳፍንት ብዙዎቹ በገነተ ልዑል አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ ተገደሉ።

ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ቤት አልኖሩም። ቤተ መንግሥቱን ለትምህርት ሰጡ። በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም.፥ ደሙ ከፈሰሰ አንድ ዓመት በሆነው ጊዜ፥ ኮሌጆቹ ሁሉ በአንድ አስተዳደር ሥር ሆነው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ተከፈተ። ጥቂት ቈይቶም ልጅ ካሣ ወልደ ማርያም የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፕሬዚዳንት ሆኑ።

በዓለም ላይ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በነገሥታት ስጦታ ተመሥርተዋል። ንጉሥ ሲተኛበት የነበረው አልጋ ቤት ሳይቀር ለትምህርት የዋለበት ግን ብዙ አይገኝም። ዛሬ ወደ ሕንፃው ብትገባ የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት በሙዚየሙ ውስጥ ታያለህ።

ራስን ማወቅ

ይህ ሙዚየም የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ክፍል ነው። ተቋሙ በ1955 ዓ.ም. ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ፤ መጻሕፍቱንና ቅርሳ ቅርሱን በመሰብሰብ ደግሞ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ ደክመዋል። በዚያ ቤት የብራና መጻሕፍት፥ የድሮ ሥዕሎች፥ መስቀሎች፥ የየብሔረሰቡ ልብስ፥ ዕቃና የሙዚቃ መሣሪያ ተከማችተዋል።

ይህ ለምን አስፈለገ ትል ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። የዚያ ዘመን ተማሪ በባዕድ ቋንቋ ይማር ስለ ነበር፥ ከባዕድ አገር የመጡ መምህራንም ይበዙ ስለ ነበር፥ የአውሮፓን ወንዞች ጠንቅቆ ሲያውቅ የገዛ አገሩን ወንዝ ምንጭ ላያውቅ ይችል ነበር። አገሩን የማያውቅ ምሁር ደግሞ መንገዱን እንደማያውቅ መሪ ነው። ስለዚህ ተቋሙ የአገሪቱ ዕውቀት በአገሪቱ ውስጥ እንዲጠና በር ከፈተ። በዚያው ዘመን የሕግ ፋኩልቲም ሥራ ጀመረ፤ በአዳዲሶቹ የሕግ መጻሕፍት የሚፈርዱና የሚከራከሩ ሰዎች የሚወጡት ከዚያ ነበር።

ተማሪውና ገበሬው

በ1957 ዓ.ም. አንድ አዲስ ደንብ ሥራ ላይ ዋለ፤ ይኸውም የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነው። በዚህ ደንብ መሠረት ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርዶ ማገልገል ነበረበት። የሚበዙት በአስተማሪነት ይመደቡ ነበር።

እስቲ አስበው። በአዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ሻንጣውን ይዞ ከጭነት መኪና ላይ በአንድ የወረዳ ከተማ ይወርዳል። መብራት የለም፤ ቤቱ የጭቃ ነው። ሰባ ልጆች በአንድ ክፍል ታጭቀው ይጠብቁታል። ከእነዚያ ልጆች አባቶች ብዙዎቹ ጭሰኞች ናቸው፤ ከሚያመርቱት ላይ ለባለ መሬቱ ከፍለው የተረፈውን ይበላሉ። ወጣቱ በመጽሐፍ ብቻ ያነበበውን ነገር በዐይኑ አየ። «ሳይማር ያስተማረኝ» የሚለው ሰው ፊት ኖረው። ከዓመት በኋላ ወደ ስድስት ኪሎ ሲመለስ የሄደው ሰው አልነበረም።

በዚያው በ1957 ዓ.ም. በየካቲት ወር፥ የጭሰኞች ጉዳይ በፓርላማ ሲነሣ፥ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» የሚል መፈክር ይዘው ወደ ፓርላማ ተሰለፉ። ከዚያም በፊት በኮሌጁ በዓል ላይ ይነበቡ የነበሩት ግጥሞች የድሃውን ነገር ማንሣት ጀምረው ነበር፤ በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ ያቀረበው «ደሃው ይናገራል» እስከ ዛሬ የሚጠራ ነው። እንግዲህ የነገሩን አካሄድ ተመልከት። ንጉሡ ቤተ መንግሥታቸውን ሰጡ፤ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ የተማሩት ልጆች ግን «ለገበሬውስ መሬቱ መቼ ይሰጠዋል?» ብለው ጠየቁ። ሰልፉ ከተደረገ ዐሥር ዓመት ሲሞላ፥ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፥ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ።

የመከራ ዓመታት

ይህ ሁሉ ግን ያለ ዋጋ አልሆነም። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው ከዩኒቨርሲቲው አቅራቢያ በጥይት ተመትቶ ሞተ። በማግሥቱ ጓደኞቹ አስከሬኑን ይዘው በግቢው ውስጥ ሲያለቅሱ ወታደሮች ገቡ፤ ተኩስ ተከፈተ፤ ብዙ ተማሪዎችም ወደቁ። ለትምህርት የተሰጠው ቤት እንደገና ደም አየ።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ፤ በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ተከፈተና ስድሳ ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ቈየ። ዳግመኛ ሲከፈት ስሙ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ነበር።

በአገራችን «የተማረ ይግደለኝ» የሚባል ብሂል አለ። ሰው ይህን የሚለው ለተማረ ሰው ያለውን ክብርና እምነት ለመግለጥ ነበር። ነገር ግን በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር በተባለው ጊዜ፥ አንድ ላይ የተማሩ፥ በአንድ ገበታ የበሉ፥ በአንድ ሰልፍ የጮኹ ወጣቶች በየወገናቸው ተለያይተው እርስ በርሳቸው ተጫረሱ። መንግሥትም ወጣቱን በየመንገዱ ገደለ። እናቶች ብሂሉን ሲሰሙ ያለቅሱ የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። በ1929 ዓ.ም. የተማረውን የጨረሰው ባዕድ ነበር፤ ከአርባ ዓመት በኋላ የጨረሰው ወገን ነው።

ቢሆንም ትምህርቱ አልቆመም። በ1971 ዓ.ም. የድኅረ ምረቃ ትምህርት ተጀምሮ ለሁለተኛ ዲግሪ ባሕር መሻገር የግድ መሆኑ ቀረ። የዓለማያው የእርሻ ኮሌጅ በ1977 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ የጎንደሩም ኋላ እንዲሁ። ዛሬ በየክልሉ የምታያቸው ዩኒቨርሲቲዎች ብዙዎቹን መምህሮቻቸውን ያገኙት ከስድስት ኪሎና ከአራት ኪሎ ነው።

ከመንግሥት ጋራ ያለው ግጭትም አልቀረም። በ1985 ዓ.ም. ከ40 የሚበልጡ መምህራን በአንድ ጊዜ ከሥራ ተሰናበቱ፤ ከእነርሱም አንዱ ስመ ጥሩው የቀዶ ጥገና ሐኪም ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ነበሩ። በ1993 ዓ.ም. ተማሪዎች የማኅበርና የጋዜጣ ነፃነት፥ ፖሊስም ከግቢያቸው እንዲወጣ በጠየቁ ጊዜ ሁከት ተነሥቶ በከተማው የሰው ሕይወት ጠፋ። እነሆ፤ ሦስት ዓይነት መንግሥት መጣ፤ ሦስቱም ይህን ግቢ በጥርጣሬ ዐይን ተመለከቱት።

ሁለት ዓይነት ዕዳ

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። በ33 ተማሪዎች የተጀመረው ቤት ከ40 ሺህ በላይ ተማሪዎች የያዘበት ጊዜ ሆኗል። በ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ አዋጅ ወጣ፤ የመጀመሪያው ራስ ገዝ እንዲሆን የተመረጠውም ይኸው አንጋፋው ነው። ራስ ገዝ ማለት ገንዘቡን፥ ሠራተኛውንና ትምህርቱን በራሱ ሥልጣን የሚያስተዳድር ማለት ነው። አዋጁ ተስፋም ሥጋትም አለው። ተስፋው፥ ትእዛዝ ከላይ ሳይጠብቅ በዕውቀት መንገድ እንዲሄድ ነው። ሥጋቱ ደግሞ፥ ወጪውን ራሱ ሲሸፍን የድሃው ልጅ በበሩ እንዳይቀር ነው። «ይህ ቤት የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ እንደገና ተነሣ ማለት ነው።

አንተ ተማሪ፥ አንቺም ተማሪ፤ አንተም ገና ጀማሪ የሆንህ የመንግሥት ሠራተኛ፤ ይህን ጥያቄ ለሚኒስትርና ለፓርላማ ብቻ አትተዉት። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የወጪ መጋራት የሚባል ደንብ እንዳለ ታውቃላችሁ። ተማሪው የተማረበትን ወጪ በከፊል ሥራ ሲይዝ ይከፍላል፤ ከደመወዙ ላይ ይቈረጣል፤ ሲጨርስም ዕዳውን መክፈሉ በወረቀት ይጻፍለታል። ይህ አንደኛው ዕዳ ነው፤ ሒሳቡም ቀላል ነው።

ሁለተኛው ዕዳ ግን ከደመወዝ የሚቈረጥ አይደለም። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከሩቅ ወረዳ ተነሥቶ፥ በአውቶቡስ አድሮ፥ ከመስኮትህ ፊት ወረቀቱን ይዞ ሲቆም ያ ዕዳ ይጠየቃል። «ነገ ተመለስ» ብትለው ነገ ማለት ለእርሱ የአንድ ሌሊት ማደሪያና የሁለት ቀን ስንቅ ነው። ወረቀቱን ተቀብለህ፥ ያልገባውን አስረድተህ፥ በዚያው ቀን ጨርሰህ ብትሸኘው ግን በ1940 ዓ.ም. አያቱ ከከፈለው የትምህርት ግብር ጥቂቱን መለስህለት። ማንም ደረሰኝ አይሰጥህም፤ ዕድገትም አያስገኝልህ ይሆናል። ግን እነዚያ ሠላሳ ሦስት ልጆች የተሰበሰቡት ለዚህ ነበር።

በል እንግዲህ፤ ስንወጣ በዚያ በደረጃው በኩል እንለፍ። ያ ደረጃ የተሠራው ሠሪዎቹን ብቻ ከፍ አድርጎ ለማሳየት ነበር፤ ስለዚህም የትም ሳያደርስ ቀረ። ዲግሪም ቢሆን ባለቤቱን ብቻ ከፍ ካደረገና ሌላ ሰው ካልወጣበት ያው ነው። ቀና ብለህ አንበሳውን ካየህ በኋላ ወደ ሥራህ ሂድ፤ ነገ ጧት ከመስኮትህ ፊት የሚቆም ሰው አለ።